ወንበር የጠረገ ቁምጣ

ጻፊ እንግዲህ። እንዳታሳምሪው ብቻ፣ እኔ እንዳልኩት ጻፊው።

የከተማውን የቅርጫት ኳስ ቡድን ማልያ የማጥበው እኔ ነኝ። ጭሮ ውስጥ ውሃ ሲፈልግ ነው የሚመጣው፣ እኔ ጓሮ ግን ጉድጓድ አለ፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ጨዋታቸውን ቆሜ አይቼ አላውቅም። ያን የሚያህል ጎረምሳ ሁሉ አንዲት ኳስ ይዞ ወዲያ ወዲህ ሲል የማይበት ጉልበት የለኝም። ግን ማን እንደተጫወተ ማን እንደተቀመጠ አውቃለሁ። የሮጠ ሰው ልብሱ ብብቱ ላይ ነጭ ጨው ይሠራል፣ አንገቱ ይጠቁራል። የተቀመጠ ሰው ደረቱ ንጹሕ ነው፤ እሱ የሚቆሽሸው መቀመጫው ጋ ነው። ሽቶ ብቻ የሚሸትም አለ። ያ የሰብሳቢው የእህት ልጅ ነው።

ኮሚቴ የሚባሉት አራት ወንዶች ናቸው። ሰብሳቢው ጫት ነጋዴ ነው፣ ጎረቤቴ፤ ከሚድህበት ጊዜ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አሰልጣኙ አስተማሪ ነው፤ ፊሽካዋን ከአንገቱ አያወልቅም፣ ለቅሶ ቤት እንኳን አንጠልጥሏት ነው የሚመጣው። ሁለቱ ሌሎቹ የተባለውን ሁሉ አዎ የሚሉ ናቸው።

አምና የዞኑ ከተሞች ውድድር እኛ ጋ ሊሆን ነው ተባለ። ኳሷን ከኋላ እየነጠረ አምጥቶ ለሌሎቹ የሚያቀብለው ጋርድ ነው የሚባለው። የኛ ጋርድ ያ ሽቶው ነው። እሱ ሲደክመው የሚተካው አልነበረም፤ እሱ ደግሞ ሳይሮጥም ይደክመዋል።

በዚህ መሀል አንድ ልጅ መጣ። እዚሁ ዞናችን ያለችው የመሰላ ከተማ ልጅ ነው። ድሬዳዋ ትልቅ ክለብ ውስጥ ተጠባባቂ ጋርድ ነበር፣ ለቀቁት። መልቀቂያ ወረቀቱን በፕላስቲክ ሸፍኖ ይዞ፣ አስፈርሙኝ አላቸው። እነሱ እምቢ ካሉት ኳስ በቃው፣ መሰላ ገብቶ ጫት ጫኝ ይሆናል። ጠብቅ አሉት።

ሦስት ቀን ሙሉ ሰብሳቢው ቤት ጫታቸውን ይዘው በዚህ ልጅ ጉዳይ ተቀመጡ። አንዱ ቀን፣ ከትልቅ ክለብ የመጣ ነው፣ በሁለት እጅ ነው የምንቀበለው። በማግስቱ፣ ጥሩ ቢሆን ለምን ለቀቁት? ደግሞ በማግስቱ ቁመቱ አነሰ። ምርቃናው ሲመጣ ቡድኑን አዲስ አበባ ያደርሱታል፤ ሲወርድ ኳሷን የሚነፉበት ፓምፕ የላቸውም። ሜዳው ከቤቱ ጀርባ ነው። ልጁ ለብቻው ኳሷን ሲያነጥር ድም፣ ድም፣ ድም ይላል፤ እነሱ ግድግዳው ውስጥ ሆነው ይችል ይሆን አይችል ይሆን ይባባላሉ። ተነስቶ ወጥቶ ያየው የለም፣ ወላሂ አንድም ሰው!

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልጁ እኔ ጋ መጣ። «አኮ፣ የቡድኑን ልብስ የሚያጥቡት እርስዎ ነዎት አሉኝ» አለ። አኮ በኦሮምኛ አያት ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ እንደዛ ነው የሚጠራኝ። አንድ ፌስታል ሰጥቶኝ ሄደ። የድሬዳዋው ክለብ ማልያና ቁምጣ ነው፣ የጨዋታው። ሳልነክረው ገለበጥኩት። ደረቱ አዲስ፣ ብብቱ አዲስ። የፊቱ ቁጥር ያበራል፤ የኋላውን የወንበር መደገፊያ ልጦታል። ቁምጣው መቀመጫው ላይ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል። ሳቄ መጣ።

ከዙህር ሶላት በኋላ የታጠበውን የቡድኑን ማልያ ላደርስ ሰብሳቢው ቤት ገባሁ። ፍራሹ ላይ ተደርድረዋል፣ ጉንጫቸው ተወጥሯል፣ ያንኑ ልጅ እያነሱ ይጥላሉ።

«አኮ፣ ነይ እስቲ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» አለኝ ሰብሳቢው፣ ለጨዋታ ያህል።

የኔ አፍ ደግሞ መች ያርፋል? «ድሬዳዋ ምን ሲሠራ እንደከረመ ልንገርህ?» አልኩት። «ወንበር ሲጠርግ! ቁምጣው እኔ ጋ ነው፣ ና እየው!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አሰልጣኙን ትን ብሎት ውሃ አቀበሉት። «አኮ ጨረሰችልን!» አለ ሰብሳቢው። «እኛ ሦስት ቀን ስንለፋ እሷ በሳፋ ፈረደች!» በቃ፣ አይፈርምም ተባለ። እኔም ደስ አለኝ። ምን እዋሻለሁ? እነዛ ሁሉ ወንዶች አፌን ሲያዩ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ማለዳ ልጁ ሌላ ፌስታል ይዞ መጣ፣ አፉን በገመድ ጥፍር አድርጎ አስሮታል። መወሰናቸውን ገና አልሰማም። «ይሄኛው በጣም ቆሻሻ ስለሆነ አፍሬ ነው ትናንት ያላመጣሁት» አለ መሬት መሬት እያየ። «የልምምድ ነው።»

ፈታሁት። ቁጥር የሌላቸው ካናቴራዎች ናቸው። ብብታቸው በላብ በስብሶ ጣቴ አለፈበት። ጀርባቸው ላይ ጨው በጨው ላይ ተደራርቧል። ሱሪው ጉልበቱ ጋ ተቀዶ ደም ደርቆበታል። ሦስት ጊዜ ውሃ ቀየርኩ፣ ሦስቱም ጠቆረ። ይሄ ልጅ የተቀመጠው ጨዋታ ቀን ነው፣ ስላላስገቡት። በሌላው ቀን ሁሉ ሲሮጥ ነው የኖረው። ይሄን ያህል ዘመን ሳጥብ ከኛዎቹ አንዱም እንደዚህ ያለ ካናቴራ አምጥቶልኝ አያውቅም። እኔ ግማሽ ልብስ አይቼ ሙሉ ሰው ጣልኩ።

እጄን በወጉ ሳላደርቅ ሄድኩ። ያው ፍራሽ፣ ያው ጉንጭ።

«ትናንት ተሳስቻለሁ» አልኳቸው። «የልምምድ ልብሱን ዛሬ ነው ያየሁት። ልጁን ያዙት፣ ከናንተዎቹ አንዱም እንደሱ አልሮጠም።»

አሰልጣኙ ፊሽካዋን እያሻሸ «እማማ» አለኝ። ትናንት አኮ ነበርኩ። «እማማ፣ እርስዎ ስለ ቅርጫት ኳስ ምን ያውቃሉ? ይሄ የሙያ ጉዳይ ነው።»

«ትናንትስ ማወቄን ማን ነገረህ?»

«ትናንትማ ቀልድ ነው።»

«በቀልድ ነው እንዴ የሰው እንጀራ የምትዘጉት?»

«አቦ፣ አኮ!» አለ ሰብሳቢው እጁን እያወናጨፈ። «ምርቃናችንን አታበላሺ። የእህቴ ልጅ ይበቃናል።»

ይኸውልሽ፣ ሳዋርድ ዐዋቂ ነኝ፣ ሳነሳ መሃይም አሮጊት።

ስመለስ ልጁ ደጄ ላይ ቆሟል። ነግረውት ነበር። ማን እንደቀለደ ግን አልነገሩትም። እኔ ነገርኩት። ሌላ ሰው ከሚነግረው ብዬ። «ወንበሩማ እውነት ነው፣ አኮ» አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«አሁንስ ወዴት ነው?» አልኩት።

«የበደሳን ከተማ ቡድን ልሞክር። እነሱም እምቢ ካሉ ወደ ቤቴ ነው።» ገመዱ ላይ የተሰጡትን ካናቴራዎች መልቀም ጀመረ።

«አልደረቁም እኮ!»

«መኪናው ይሄዳል» አለ። እርጥቡን ፌስታል ውስጥ ጠቅጥቆ፣ እያንጠባጠበ ወጣ። የነጠበውን መስመር እያየሁ ቀረሁ።

ሳምንት ሳይሞላ ውድድሩ ተጀመረ። የኛ የመጀመሪያ ጨዋታ ከበደሳ ጋር ነበር። አላየሁትም፣ ጓሮዬ ሆኜ ሰማሁት። የከተማው ሰው ጩኸት መጀመሪያ ሰማይ ነካ፣ ከዚያ እየቀነሰ መጣ፣ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። ማምሻውን የበደሳ ቡድን መሪ ጆንያ ተሸክሞ መጣ። «ነገ ከሰዓት ደግሞ እንጫወታለን፣ እባክዎ ይጠቡልን» አለ።

አንድ በአንድ ገለበጥኩት። የአንዱ ማልያ አንገቱ ጠቁሯል፣ ብብቱ ጨው ሠርቷል፣ ቁምጣው መቀመጫው ላይ አቧራ እንኳን የለውም። የማን እንደሆነ ስም አላስፈለገኝም። ብቻውን ነክሬ ሁለቴ አጠብኩት።

በማግስቱ ሰብሳቢው እየተጣደፈ ግቢዬ ገባ። ገመዱን እያየ «አኮ፣ ያ የመሰላው ልጅ ልብሱን ሊወስድ ሲመጣ አናግሪልን» አለ። «እኛ ጋም ቦታ አለ በይው።»

«የቱ ቦታ? ወንበሩ?»

«ተይ እንጂ አኮ፣ ያለፈው አልፏል። አንቺ ደግሞ ሰው ታውቂያለሽ።»

«እኔማ ቅርጫት ኳስ አላውቅም፣ አሰልጣኝህ ነግሮኛል» አልኩት። የእህቱን ልጅ ማልያ አንስቼ ሰጠሁት። «ይሄን እንካ። አላጠብኩትም። ምኑን ልጠበው?»

አገላበጠው፣ አሸተተው። አጣጥፎ ብብቱ ሥር ከተተው። ግን አልሄደም፤ ደጄ ላይ ቆሞ ልጁን መጠበቅ ያዘ። ሦስት ቀን ያስጠበቀውን ልጅ!

ልጁ መጣ። ማልያውን አጣጥፌ ሰጠሁት። በእጁ ዳሰሰው።

«ደርቋል» አለ።

«ዛሬስ ደርቋል» አልኩት።

ሲወጣ ሰብሳቢው ጥርሱን ሁሉ እያሳየ እጁን ዘረጋለት፣ ወንድሜ አለው፣ እስቲ ቁጭ እንበልና እናውራ አለው። ልጁ በትሕትና ጨበጠው።

«መቀመጥ አልችልም» አለው። «ጨዋታ አለኝ።»