ዘፋኙ እንቁራሪትና የባሌ ጆሮ

ባሌ መካኒክ ነው። የከተማ አውቶቡሶች በሚጠገኑበት ጋራዥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቷል። ሾፌሮቹ ስሙን ትተው «ጋሽ ጆሮ» ይሉታል። ሞተር ሳይከፍት፣ ቆሞ ብቻ አዳምጦ «የኋላው የግራ ጎማ ኩሽኔታ አልቋል» ይላል፤ ሲፈቱት አልቆ ይገኛል። ድሮ አንድ ረጅም ካቻቢቴ ነበረው። ጫፉን ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮው ኋላ አጥንቱ ላይ ያደርግና የሞተሩን ሆድ ይሰማበታል። ስንተጫጭ ጊዜ ሌላው ወንድ አበባ ይዞ ሲመጣ፣ እሱ እኔን ጋራዥ ወስዶ በዚያ ካቻቢቴ የአውቶቡስ ሞተር አሰማኝ። «አጥንትም ይሰማል፤ ታውቂያለሽ?» አለኝ። ምን ላድርግ፣ አገባሁት።

ዝናው ሲገን ግን ካቻቢቴውን ተወው። «እሱ ለጀማሪ ነው» አለ። ባሌ ደግ ሰው ነው፣ ትንሽ ጉራ ግን አያጣውም። አብዛኛው ጉራው እውነት ስለሆነ እኔም አልቀየመውም።

እንቁራሪቶቹ ቤታችን የገቡት በዚሁ ጆሮ ነው። አንድ ቀን የሰባት ቁጥር አውቶቡስ ሾፌር ግራ ተጋብቶ ጋራዥ መጣ።

«ጋሼ፣ ከኋላ በኩል እዝዝ የሚል ነገር አለ። ሞተር ባጠፋም አይተወኝም።»

ሌሎቹ መካኒኮች ወለሉን ሊፈቱ መሣሪያ አወጡ። ባሌ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ገባ፤ ወንበር በወንበር እያለፈ ሄደና መጨረሻው ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ክዳኑ የተበሳሳ ትልቅ ብልቃጥ አወጣ። ብልቃጡ ውስጥ ውሃ፣ ውሃው ውስጥ አውራ ጣት የሚያክሉ ሁለት እንቁራሪቶች ነበሩ። አንዱ ይዘፍናል። መካኒኮቹ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ብልቃጡን የረሳው ተሳፋሪ ይመጣል ተብሎ ሦስት ሳምንት ተጠበቀ፤ የመጣ የለም። የጠፋ ዕቃ ክፍል ኃላፊዋ «ወይ ውሰዳቸው፣ ወይ እደፋቸዋለሁ» ስትል ባሌ ብልቃጡን ጭኑ ላይ አድርጎ በዚያው በሰባት ቁጥር ተሳፍሮ መጣ።

«እኔና እንቁራሪት አንድ ጣሪያ ሥር አንኖርም» አልኩት።

ኖርን። እንዲያውም እሱ ጋራዥ ሲውል ከእነሱ ጋር የምውለው እኔ ሆንኩ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የስፌት መኪናዬ ያለችው ሳሎን ነው፣ የመስታወት ገንዳቸውም ከጎኔ ተቀመጠ። ሳልወድ በግድ ጠባያቸውን አወቅኩ። ኑሯቸው ሁሉ ውሃ ውስጥ ነው፤ አየር የሚስቡት ግን ከላይ ስለሆነ በየጊዜው ሽቅብ ተወንጭፈው አፍንጫቸውን ብቅ ያደርጉና ተመልሰው ይሰምጣሉ። የቧንቧ ውሃ እንዲሁ ከተጨመረባቸው ክሎሪኑ ቆዳቸውን ይጎዳል፤ መጀመሪያ ክሎሪን የሚያጠፋ ጠብታ ይገባበታል። ዓይናቸው ደካማ ነው። ትሉን በወረንጦ ይዤ አፍንጫቸው ሥር ካላደረስኩላቸው አጠገባቸው ያለውን ትተው ድንጋይ ሊበሉ ይታገላሉ። ሴቷን «ወይዘሮ»፣ ወንዱን «ዘፋኙ» አልናቸው።

ወይዘሮ አንድ ቀን ከገንዳው ዘላ ወጣችና የደንበኛ ቀሚስ ሽንሽን ውስጥ አገኘኋት። ደርቃ ሳትሞት ደረስኩላት፤ ለደንበኛዬ ቀሚሷ ለምን እንደረጠበ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ከዚያ ወዲያ ባሌ ለገንዳው ክዳን ሠራ። ክዳኑ እንዳይነሳም ያንን ረጅም ካቻቢቴ ከላይ ጫነበት።

ዘፋኙ አመሻሽ ላይ ነው የሚዘፍነው። ባሌ ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ገንዳው ጋ ቆሞ ያዳምጣል፣ «ዛሬም ደህና ነው» ይላል፣ ከዚያ ነው ለእኔ ሰላምታ የሚደርሰኝ።

በቅርቡ አንድ ማታ ግን «ዘፋኙ ምን ሆነ? ዝም ብሏል እኮ» አለ። እኔ ወጥ ቤት ዕቃ እያጠብኩ ነበር፤ ልብ አላልኩም። በማግስቱም እንደዚያው አለ። በሦስተኛው ቀን የውሃውን ሙቀት ለካ፣ ግማሹን ቀየረ። በአራተኛው የጌጥ ዓሣ የሚሸጥ ሰው አማክሮ ሌላ ዓይነት ትል ይዞ መጣ። ራቱንም በቅጡ አልበላም።

በአምስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ መኪናዬ ጋ ተቀምጬ ክር እየሰካሁ ነበር። ባሌ ገንዳው ፊት ቁጢጥ ብሏል። ዘፋኙ ውሃው ውስጥ ተዘርግቶ እዝዝዝ ይላል፤ ቤቱን ሞልቶታል። ባሌ ከመስታወቱ አንድ ስንዝር ሳይርቅ እንዲህ አለ፦

«ይኸው አምስት ቀኑ። ድምፁ ጠፋ። ሊሞትብኝ ነው።»

የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ዞር ብሎ ሲያየኝ ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም፤ ሳቄን ዋጥኩት።

ያን ጊዜ ነው የስፌት መኪናዬ ነገር የገባኝ። ሁለት ወር ሙሉ ሲጢጥ ስትል ከርማለች። ድሮ ትንሽ ድምፅ ካሰማች ጉርሻውን አስቀምጦ ዘይት ይዞ የሚነሳ ሰው፣ አሁን አጠገቧ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎኝ፣ ሰልችቼው ነው ብዬ አኩርፌያለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ያኮረፍኩት በከንቱ ነበር።

ልነግረው ይገባል፤ ግን እንዴት ብዬ? ጆሮው ስሙ ነው፣ እንጀራው ነው። ብነግረው ሰውዬውን አፈርሰዋለሁ። ዝም ካልኩ ደግሞ በየጠዋቱ «ሂድ» ብሎ የሚያሰናብታቸው አውቶቡሶች ሰው ጭነው ነው የሚወጡት። አልዋሽም፣ ዝም ልበል ብዬ አንድ ሌሊት አድሬያለሁ። ጠዋት ልጃችን «ቻው እማዬ» ብላ ወደ ሰባት ቁጥር ማቆሚያ ስትሮጥ በመስኮት አየኋት። ያን ቀን አንድ እጅጌ እንኳ አልሰፋሁም።

ማታ ሲገባ ካቻቢቴውን ከክዳኑ ላይ አንስቼ ሰጠሁት።

«ምን ላድርገው?»

«እንደ ድሮው አድርገው።»

«ለእንቁራሪት?»

«አዎ፣ ለእንቁራሪት! አጥንትም ይሰማል ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

እየሳቀብኝ ጫፉን መስታወቱ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮው ኋላ አደረገ። ወይዘሮ እንዳትወጣ ክዳኑን በእጄ ያዝኩ። ዓይኑን ጨፈነ። ፊቱ በራ።

«አለ! እየዘፈነ ነው!»

ካቻቢቴውን አነሳ። ፊቱ ጨለመ። መለሰው፤ እንደገና አነሳው። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረገ፤ ማንኛውንም ማሽን የሚፈትነው እንደዚያ ነው። ነገሩ ሲገባው ቆሜ አየሁት።

«አንቺ አሁን ይሰማሻል?»

«ይሰማኛል።»

«ትናንትስ?»

«ትናንትም። አምስቱንም ቀን።»

ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ዘፋኙ ምንም ሳይመስለው ይዘፍናል።

«እንግዲህ እሱ ደህና ነው» አለ በመጨረሻ። «የተበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ያለቀስኩት እኔ ነኝ። እሱ ተነሳና ጃኬቱን ለበሰ።

«የት ልትሄድ ነው?»

«በዚህ ሳምንት አሥራ አራት አውቶቡስ በባዶ ጆሮ አሳልፌያለሁ። አሁን ገብተው ቆመዋል።»

ካቻቢቴውን ይዞ ወጣ። እኔ በቦታው ክዳኑ ላይ የጨርቅ መቀሴን ጫንኩበት።

ከአሥራ አራቱ አሥራ ሦስቱ ደህና ነበሩ። የአሥራ ሁለት ቁጥር የፊት ጎማ ኩሽኔታ ግን አልቆ ነበር፤ ፈትቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞልኝ መጣ። በጣቴ አዞርኩት፣ እንደ ጠጠር ይንኳኳል። በማግስቱ ለጋራዡ ኃላፊ ራሱ ነገራቸው፤ «ከዛሬ ጀምሮ ካቻቢቴ ሳልይዝ አሳለፍኩ ካልኩ እንዳታምኑኝ» አላቸው። ሐኪሙም አይቶታል። ጆሮው ውስጥ ያለችው ትንሿ አጥንት ደርቃ ነው፣ ከቅርብ የተነገረውን እየሰማ ዝግ ያለ ድምፅ የሚያመልጠው ለዚህ ነው፣ በቀዶ ሕክምና ትስተካከላለች ብሎ ቀን ቆርጦለታል። እኔ አልፈራሁም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሌላውን ሲጠግን የኖረ ሰው አንድ ቀን ቢጠገን ምን አለበት?

ከሐኪም የተመለስን ዕለት ግን ምሳ እንኳ ሳንበላ የእኔ ወንበር ላይ ተቀመጠ። የመኪናዬን ፔዳል ረገጠ፣ ካቻቢቴውን ጎኗ ላይ ተክሎ እጀታውን ከጆሮው ኋላ አደረገ። ወዲያው ግንባሩ ተኮማተረ።

«ይቺ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምትጮኸው?»

«ሁለት ወር አልፏታል።»

«ሁለት ወር! ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አኩርፌህ ነበር።»

«በምን?»

«የሰማህ መስሎኝ።»