ወደ ባርታ ፏፏቴ፣ በቀኝ በኩል

ከጅማ የተነሳነው ዓርብ ማለዳ በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው። የሄድነው ልጃችንን መሠረትን ልንጠይቅ ነው። ቦንጋ መምህርት ሆና ከተመደበች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። «ኑና እዩኝ፤ ጫካ ውስጥ ያለውን የባርታ ፏፏቴም ታያላችሁ» ብላ ጻፈች። እኔ ፏፏቴ አምሮኝ አያውቅም። ውሃ ሲወድቅ ማየት ካሰኘኝ ክረምት በገባ ቁጥር የቤቴ ጣራ ያሳየኛል። ባለቤቴ ዘነበች ግን ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። በማግስቱ የመንገድ ልብሷን አጥባ አሰጣችው። ነገሩ በዚህ አለቀ።

በቤታችን የማነበው እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ አንድ ዓመቴ፣ የቡና መጋዘን ዘበኛ ሆኜ፣ ማታ ማታ በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ በፊት ስንት ወረቀት ላይ ምን እንደሚል ሳላውቅ አውራ ጣቴን እንዳተምኩ እኔና ፈጣሪ እናውቃለን። ስለዚህ ከተማርኩ ወዲህ ፊቴ የመጣ ጽሑፍ አያልፈኝም። የሱቅ ስም፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የሞተ ሰው ማስታወቂያ፣ ሁሉንም ጮክ ብዬ አነባለሁ። ዘነበች «ምን ይላል?» ትላለች፤ እኔ እነግራታለሁ። አብረሽው ተማሪ ሲሏት «ቤት ውስጥ አንድ ይበቃል» ብያት ቀርታለች። ሃያ ዓመት ሊሆነን ምንም አልቀረውም።

ከጅማ እስከ ጎጀብ

ለአንድ ሰው አሥራ አምስት ብር ከፈልን። አውቶቡሱ ለሃምሳ ሰው የተሠራ ይመስለኛል፤ እኛ ሰባ ያህል ነበርን፣ ዶሮዎቹን ሳልጨምር።

«አባባ፣ ትንሽ ጠጋ በሉ» አለኝ ረዳቱ።

«ወዴት ልጠጋ? ሾፌሩ ጭን ላይ?»

«እሱ ከፈቀደ እኔ ምን ቸገረኝ» አለና ሌላ ሰው አስገባ።

ሸቤ ላይ ወርደን ሻይ ጠጣን። ዳቦው የትናንት ነው፤ የሚሸጠው ግን በዛሬ ዋጋ ነው። ከሸቤ በኋላ መንገዱ ወደ ጎጀብ ቁልቁል ይወርዳል። ሙቀቱ ከታች ወደ ላይ ይመጣል፤ ሰው ሁሉ መስኮት ለመክፈት ይጋፋል፣ አቧራው ሲገባ ደግሞ ለመዝጋት። ድልድዩ ላይ ፖሊስ አስወርዶ ፈተሸን። ዘነበች ለመሠረት የቋጠረችውን በሶ ፈትቶ አሸተተና መለሰላት። «ቅመስ እንጂ ልጄ፣ ማሽተት ብቻ ምን ያደርግልሃል» አለችው። ሳቀ።

ጎጀብን ከተሻገሩ ወዲያ አገሩ ሌላ ነው። አቀበቱ ሲጀምር ዛፍ ይመጣል፤ ከዛፍ በኋላ ሌላ ዛፍ። ጊምቦ ስንደርስ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰሌዳ ላይ ከላይ በእኛ ፊደል፣ ከታች በፈረንጅ ፊደል ተጽፏል። የላዩን አነበብኩ።

«የታቹስ?» አለች ዘነበች።

«ያው ነው። ደግሞ ነው የጻፉት» አልኳት። ያው መሆኑን በምን አወቅሁ? ገመትኩ።

ቦንጋ

ቦንጋ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ከተማው ኮረብታ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ወዴትም ብትሄድ ወይ መውጣት ወይ መውረድ ነው። የመሠረት አከራይ ቆጮ በጎመን አቀረቡልን፤ ከጎኑ ማር ነበር። የማማርረው ብዙ ነው፣ በዚያ ማር ላይ ግን የማወጣለት እንከን አጣሁ።

የመሠረት ጠረጴዛ ላይ የተማሪ ደብተር ተከምሯል። አንዱን ገለጥኩ። ሁሉም በፈረንጅ ፊደል ነው።

«ይሄ እንግሊዝኛ ነው?»

«አይ አባዬ፣ ካፊኖኖ ነው፣ የከፋ ቋንቋ። ሌላ መምህር የሚያርመው ደብተር ነው፤ እኔ ጋ አስቀምጦት ነው። ልጆቹ አሁን በቋንቋቸው ነው የሚማሩት፣ በላቲን ፊደል።»

«እኔ ቆጥሬ ሳልጨርስ ፊደሉን ቀየሩት በይኛ።»

«የነሱ ነው እኮ አባዬ። አንተን ሊያናድዱ አይደለም የጻፉት።»

ይሁን አልኩ። በልቤ ግን አልሆነም። አርባ ዓመት የቆምኩበት በር እንደገና ፊቴ ላይ የተዘጋ መሰለኝ።

በማግስቱ ቅዳሜ መሠረት ፈተና ትፈትናለች ተባለ። ስለዚህ መንገድ መሪ ቀጥራልናለች፤ አስራት ይባላል፣ ጫካ ቡና የሚለቅምና ቀፎ የሚሰቅል የሠላሳ ዓመት ሰው። «እሱ ያላችሁን ስሙ» አለች ስትሸኘን። ይህን ያለችው እኔን እያየች ነው።

ቅዳሜ፣ ጫካው

የቡና ጭነት ሊያመጣ የሚሄድ አይሱዙ ኋላ ላይ ተሳፍረን ጥቂት ከተጓዝን በኋላ አስራት ጣራውን መታና ወረድን። ከዚያ በእግር ነው። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ቀዩ አፈር ጫማ ላይ ይጣበቃል። ጫካው ውስጥ ፀሐይ የምትገባው ቁራጭ ቁራጭ እየሆነች ነው። ሐረጉ የሰው ጭን ያህል ወፍሮ ከዛፍ ዛፍ ይዘላል። ከሥሩ ማንም ያልተከለው ቡና አለ፣ ኮረሪማ አለ፤ አስራት አንድ ፍሬ ሰንጥቆ ዘነበችን አስሸተታት። ጉሬዛዎች ከላይ ሆነው ሲያዩን ፂማቸው የሽማግሌ ዳኛ አስመሰላቸው።

የአስራት አማርኛ እንደ እኔ ንባብ ነው፣ ዘግይቶ የመጣ።

«እማማ፣ ጉልበትህ አመመህ?» አላት፣ ዘነበች ስታነክስ አይቶ።

«ጉድ! በስተርጅና ወንድ አደረገኝ እኮ» ብላ ከት ብላ ሳቀች። እሱም ሳቀ። ግን ጉልበቷ በእርግጥ አሟታል።

ከአንድ ሰዓት መንገድ በኋላ ጎዳናው ለሁለት የሚከፈልበት ደረስን። በቀኙ መንገድ አፍ ላይ በእንጨት የተተከለ የጣውላ ሰሌዳ አለ። የውሃው ድምፅ ከዚያው ከቀኝ ይመጣል።

አስራት የዘነበችን ጉልበት ተመለከተና፣ «ከዚህ ወዲያ ለእሳቸው ይከብዳል። እዚያ ቤት በቅሎ አለ፣ ለምኜ እመጣለሁ። ሰሌዳው ጋ ጠብቁኝ ጋሼ። ወዴትም አትሂዱ» አለኝ። በመጣንበት በኩል ተመልሶ ዛፉ ውስጥ ጠፋ።

ጠበቅን። ሩብ ሰዓት ሆነ፤ ግማሽ ሰዓት ሆነ። ዕድሜዬን ሙሉ በር ላይ «ቆይ፣ ጠብቅ» ሲባል የኖርኩ ሰው ነኝ። ደሜ ፈላ።

ዘነበች ሰሌዳውን በአገጯ አሳየችኝና፣ «ምን ይላል?» አለች።

ተጠግቼ አየሁት። በነጭ ቀለም፣ በእጅ የተጻፈ ነው። በእኛ ፊደል አንድም የለበትም። ክብ ክቡ ፊደል ሁለት ሁለት እየሆነ ተደርድሯል፤ ሌላው እንደ መንጠቆ፣ እንደ ሹካ ነው። ቆሜ አየሁት። አንድ ቃል ነበር መናገር የነበረብኝ፤ «አላውቅም»። እሷ ዓይኗን እኔ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ሰሌዳው ቀኙ መንገድ ላይ ነው የቆመው፣ ውሃውም የሚጮኸው በቀኝ ነው፤ ሌላ ምን ሊል ይችላል?

«ወደ ፏፏቴው፣ በቀኝ በኩል ይላል» አልኳት። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ጽሑፍ እንደሚነበበው።

«ልጁን አንጠብቅም?»

«ሰሌዳ ተተክሎልን ለምን ቆመን እንደርቃለን? ቀስ እያልን እንሂድ፤ ይደርስብናል።»

ገደሉ

መንገዱ ሣር አብቅሏል። ሰው እንዳልሄደበት ማየት ነበረብኝ፤ ዘበኛ ነኝ፣ ዱካ አውቃለሁ። አላየሁም፣ ወይም ማየት አልፈለግሁም። የውሃው ድምፅ እየበረታ ሄዶ ደረት ይመታል። ዘነበች ዱላዋን እየተመረኮዘች ከፊቴ ናት። «መጣን መሰለኝ፣ ፊቴ ረጠበ» አለች።

ከዚያ ዝቅ አለች። የወደቀች አልመሰለኝም፤ የተቀመጠች ነው የመሰለኝ። መሬቱ ነው አብሯት የሄደው። ሣሩ ከነአፈሩ ተቦጭቆ ወረደ፤ ዱላዋ እየተገለባበጠ ሲሄድ አየሁት፣ ሲያርፍ ግን አልሰማሁም። በሆዴ ተደፍቼ የግራ እጇን አንጓ ያዝኩ።

«እግርሽ ምን ረግጧል?»

«ሥር መሰለኝ። ይነቃነቃል።»

«አትነቃነቂ!»

«እኔ መች ተነቃነቅሁ። ሥሩ ነው።»

አንገቷ ከመንገዱ ጠርዝ በታች ነው። ከእሷ ወዲያ ጭጋግ ብቻ ነው የሚታየኝ። ስቤ ላወጣት ሞከርኩ፤ ከደረቴ ሥር ያለው አፈር ወደ ፊት ተንሸራተተ። ሁለተኛ አልሞከርኩም። ልልቀቃትና ሰው ልጥራ ብል አትቆይም። እንደያዝኳት ብቆይ ክንዴ እስከ መቼ ይችላል? ስድሳ ዓመቴ ነው።

«አስራት!» እያልኩ ጮህኩ። ፏፏቴው ድምፄን ከአፌ ይወስደዋል።

«ተው» አለች ዘነበች። «ውሃው ይበልጥሃል። ጉልበትህን ለእጄ አድርገው።»

መጮሁን ተውኩ። ላቧ ይሁን ላቤ እንጃ፣ አንጓዋ መዳፌ ውስጥ እየሟለጨ ነው። በሌላው እጄ ነጠላዋን ጠቅልዬ ያዝኩ። ያ ሥር አንድ ጊዜ ቀጭ አለ፤ ሁለታችንም ሰማነው።

ከዚያ ሽቅብ አየችኝ። እንዲያ አይታኝ አታውቅም።

«የመሠረት አባት፣ ሰሌዳው እውነት በዚህ ነው ይላል?»

«አዎ» አልኩ።

ይህን የጻፍኩት ሰው እንዲፈርድብኝ አይደለም፤ የሆነው ይኸው ስለሆነ ነው። እጇ እጄ ውስጥ ሆኖ፣ ከሥሯ ገደል ሆኖ፣ ሁለተኛ ዋሸኋት። መጀመሪያ የዋሸሁት አፍሬ ነው። ሁለተኛውን ምን እንደምለው አላውቅም።

ስንት ሰዓት እንደቆየን አልናገርም፤ ለእኔ የረዘመ ነው። ክንዴ መሰማቱን ትቶ ነበር። ከኋላዬ እግሬን የያዘኝ አስራት ነው። ዱካችንን ተከትሎ ሲሮጥ መጥቷል። የበቅሎዋን መጫኛ ዛፍ ላይ አዙሮ ሌላውን ጫፍ ወገቡ ላይ አሰረና እንደ ዝንጀሮ በገደሉ ጎን ወረደ። ዘነበችን ከብብቷ ሥር አቅፎ «አንድ፣ ሁለት» ሲል እኔም ከላይ ሳብኩ። ወጣች። ሦስታችንም ጭቃ ላይ ተዘርግተን ተነፈስን። የቀኝ ቁርጭምጭሚቷ ዓይናችን እያየ አበጠ።

አስራት ትንፋሹ ሲመለስለት፣ «ሰሌዳውን አላያችሁም ጋሼ? መንገዱ ተንዷል፣ በግራ ሂዱ ይላል እኮ። የሰፈሩ ልጆች ባለፈው ክረምት ነው የተከሉት» አለ።

ፊቴን አይቶ ይመስለኛል፣ ቶሎ ብሎ፣ «ዝናቡ ቀለሙን አጥቦታል፣ አይነበብም ለነገሩ» አለ። መሸፈኛ ሰጠኝ። ደግ ሰው ነው።

ዘነበች የተበጠሰ ጫማዋን እያየች፣ «ኧረ ይነበባል። ጮክ ብሎ ነው ያነበበልኝ» አለች።

ፏፏቴው

አስራት እንመለስ አለ። ዘነበች እምቢ አለች። «ሞቼለት ነበር እኮ፤ ሳላየው አልሄድም።» በቅሎዋ ላይ አስቀመጥናትና በግራው መንገድ ሄድን። ሩቅም አልነበረ። ዛፉ ድንገት ያልቅና ውሃው ከላይ አንድ ጊዜ ወገቡ ላይ ተሰብሮ እንደገና ይወርዳል። ሥሩ ያለው ድንጋይ ጥቁር ነው፣ በዙሪያው ያለው ቅጠል ነፋስ ሳይኖር ይንቀጠቀጣል። ዘነበች ከበቅሎዋ ሳትወርድ፣ ፊቷ እየረጠበ ለረጅም ጊዜ አየችው። አንድ ጊዜ ለአስራት «የት ነው የሚሄደው ይሄ ሁሉ?» አለችው። እሱም ወንዙን በእጁ እያሳየ ነገራት። እኔን ምንም አልጠየቀችኝም።

እንደ እውነቱ ከሆነ እኔ ፏፏቴውን ያየሁት በግማሽ ዓይኔ ነው። የማየው አንጓዋ ላይ ያለውን የጣቶቼን ምልክት ነበር።

ማታ መሠረት የእናቷን እግር እያሸች፣ «ምን ሆናችሁ ነው?» ስትል ዘነበች «አዳልጦኝ ነው» አለቻት። እኔም አላረምኩም።

ወደ ቤት

እሁድ በመጣንበት መንገድ ተመለስን። ጊምቦ ላይ ሰሌዳው በመስኮቱ አለፈ፤ አላነበብኩም፣ አልተጠየቅሁምም። ጎጀብ፣ ሸቤ፣ ጅማ። ከመናኸሪያው ወጥተን ለእግሯ መድኃኒት ልንገዛ ፋርማሲ ገባን። ልጅቷ ክኒኑን ፖስታ ውስጥ ከታ በላዩ ጻፈችበትና ወደ እኔ ዘረጋችው። ጽሑፉ በእኛው ፊደል ነው፤ ከቆምኩበት ይታየኛል። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ ይላል። ዘነበች ፖስታውን ከእጄ ሥር ተቀብላ መልሳ ለልጅቷ ሰጠቻት።

«አንቺ ንገሪኝ ልጄ፤ ስንቴ ነው የምውጠው?»

ልጅቷ ነገረቻት። እኔ ከምለው የተለየ አልነበረም፤ ግን እኔ አላልኩም።

ውጭ ወጥተን ጋሪ እየጠበቅን፣ እስከ ስድሳ ዓመቴ መናገር ያልተማርኩትን አንድ ነገር ተናገርኩ። «ያን ሰሌዳ ማንበብ አልቻልኩም ነበር» አልኳት።

«እሱንማ እዚያው ተንጠልጥዬ አውቄዋለሁ» አለች፣ ፖስታውን ጡቷ ሥር እየከተተች። «ያላወቅሁት፣ ከዚያ በፊት ስንቱን እንዲህ እንዳነበብክልኝ ነው።»

ልምልላት አፌን ከፈትኩ። አንዱም የለም ልላት ነበር። ከዚያ ገምቼ ያነበብኩላት አንድ የቀበሌ ወረቀት ትዝ አለኝ፣ ቀጥሎ ሌላ። ጋሪው መጣ። እሷን ደግፌ አወጣኋትና እኔ በእግሬ ተከተልኩ።