በእጄ የሰረዝኩት ስም

ክፍሉ የተሠራው ለስምንት ሰው ነበር አሉ። እኛ አምስታችን ተጨምረን ስንገባ አስራ ዘጠኝ ሆንን። ከሲቀላ መናኸሪያ ብዙም ስለማይርቅ ቀኑን ሙሉ የረዳቶቹ ጥሪ ይሰማል፦ «ጨንቻ! ጨንቻ! አንድ ሰው የቀረው!» ታስሮ ይህን መስማት ያናድዳል። ከአባያ በኩል ትንሽ ነፋስ ሲመጣ ሁላችንም ወደ መስኮቱ ፍርግርግ እንዞራለን፤ ሲቆም ደግሞ በላብ የራሰው ፍራሽ ሽታ ይመለሳል።

የታሰርኩት ስም አንብቤ ነው። አስተማሪ ነኝ። ኑሮው በከፋበት በዚያ ዓመት፣ ደመወዛችን በግማሽ ሲገባና አንዳንድ ወር ጭራሽ ሲቀር፣ የቀበሌው የእርዳታ ስንዴ ኮሚቴ ጸሐፊ ተደረግሁ። ጽሕፈቱ ያምራል ተብዬ ነው። በመጀመሪያው ዙር ሊቀመንበሩ አስራ አንድ ስም ጠቁሞ «እነዚህን አውጣቸው» አለኝ። ስንዴው ለማን ለማን እንደሚሰጥ በስብሰባ ላይ የጠየቁ ሰዎች ነበሩ። አወጣኋቸው። ማስመሪያ አስደግፌ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ።

በሁለተኛው ዙር ግን አላስችል አለኝ። ሕዝቡ መጋዘኑ ፊት ተሰልፎ ሳለ መዝገቡን ይዤ ወጣሁና አስራ አንዱን ስም ጮክ ብዬ አነበብኩ። «እነዚህ ሰዎች ተመዝግበው ነበር፤ ተሰርዘዋል» አልኩ። ማን እንደሰረዛቸው አልተናገርኩም። ስማቸውን የሰሙት ወደ ፊት ሲገፉ ፖሊስ መጣ፤ እኔንና ከእነሱ መካከል አራቱን ወሰደን።

ከአራቱ አንዱ ሽማግሌ ሸማኔ ነበሩ። ከጨንቻ ወርደው እኛ ሰፈር ብዙ ዘመን የኖሩ፣ ክር ሲወደድባቸው ሥራ ፈትተው የተቀመጡ ሰው። ልጃቸውን አስተምሬያለሁ። ገና እንደገባን የክፍሉን ካቦ ጠርተው «ይሄ ልጅ ለእኛ ብሎ ነው የታሰረው፤ መስኮቱ ሥር ይቀመጥ» አሉት። ካቦው እስረኞች የመረጡት ሰው ስለሆነ ቦታ የሚደለድለው እሱ ነው። ሁለት ሰው አስነስቶ አስቀመጠኝ። ጀግና የሆንኩት እንዲህ ነው።

የሽማግሌው ባለቤት በየቀኑ ቆጮና ጎመን ያመጣሉ። ሽማግሌውም የበርበሬ ዳጣ ቀብተው የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእኔ ይዘረጋሉ።

«ብላ እንጂ መምህር። ምነው የታመመ ሰው መሰልክ?»

«ሙቀቱ ነው ጋሼ።»

ውሸቴን ነበር። ጉርሻውን ግን ተቀብዬ ዋጥኩ።

በአምስተኛው ቀን የግቢው ቧንቧ ደረቀ። በማግስቱም ውሃ አልመጣም። ሽማግሌው ከንፈራቸውን በምላሳቸው አርሰው «ጎሜ ነው። እዚህ ውስጥ ጥፋቱን ሆዱ ውስጥ የያዘ ሰው አለ» አሉ። በጋሞ አገር አንድ ሰው የሠራውን ሸሽጎ ሲቀመጥ መዘዙ ለከብቱም ለዝናቡም ይተርፋል ይባላል፤ መድኃኒቱ ሰው ፊት ቆሞ መናገር ነው። አባቴ ወንጌላዊ ስለነበር በቤታችን ጎሜ የሚባል ነገር ስሙ እንዲነሳ አይወድም ነበር። እኔም አላምንበትም። ግን ሽማግሌውን ላለማየት ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

በየተራ ጥፋትን መናገሩ በቀልድ ተጀመረ። አንድ የባጃጅ ሾፌር የጓደኛውን ሳሙና ደብቆ እንደሚታጠብበት አመነ። ሌላው የታመመ ሰው ድርሻ ውሃ መጠጣቱን ተናገረ፤ በሱ ላይ ግን ብዙም አልተሳቀም። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ ሽማግሌው እጃቸውን አወዛወዙና «መምህርማ ምን ይኖረዋል» ብለው ወደ ቀጣዩ አለፉ።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። መዝገቡን ቀይ መስመሮቹ ያሉበት ገጽ ላይ ከፍቶ ጠበቀኝ።

«ጽሕፈትህ ያምራል» አለ። ከዚያ የተተየበ ወረቀት ወደ እኔ አስጠጋ። ስንዴው ለተመዘገበው ሁሉ ደርሷል፤ ሕዝቡን ያነሳሳሁት በሐሰት ነው ይላል። «ፈርምና ልጅህን እቤትህ ሄደህ እቀፍ። ካልፈረምክ ይቺን ገጽ ለጓደኞችህ አሳያቸዋለሁ። ማን እንደሰረዛቸው ይወቁ። እስከ ነገ አስብበት።»

ልጄ የአራት ወር ነበረች። ናፍቃኛለች። ቢሆንም እውነቱን ልናገር፤ ከሁሉ በላይ የፈራሁት ያቺን መስኮት ሥር ያለች ቦታ ማጣት ነበር። ሰው ሲያከብርህ ቶሎ ትለምደዋለህ። ወረቀቱን ብፈርም ደግሞ የእኚያ ሽማግሌ ስም ሁለተኛ ሊሰረዝ ነው፤ ያውም ስንዴውን በልተዋል ተብሎ።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ምሳ ቀርቧል። ሽማግሌው ቆጮውን ቆርሰው እጃቸውን ዘረጉልኝ። አልተቀመጥኩም።

«ጎሜው የእኔ ነው» አልኩ። «ስማችሁን የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ሊቀመንበሩ አዘዘኝ፤ እጁ ግን የእኔ ነው።»

ከአራቱ አንዱ ተነስቶ ሊመታኝ ሲል ካቦው ወገቡን ያዘው። ከመናኸሪያው «አንድ ሰው የቀረው!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ሽማግሌው ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሱ።

«ለምን?»

«ፈራሁ።»

«አሁንስ?»

«አሁንም እፈራለሁ ጋሼ።» ከዚያ መርማሪው ያለኝን፣ ፈርም የተባልኩትን ወረቀት፣ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ሳህኑን ወደ ጎን ገፉት። «ያን ወር ባለቤቴ ቡልኮዋን ሸጠች» አሉ። «ስንጋባ እኔ የሠራሁላትን።» ቀጥለውም ወደ እኔ ሳያዩ «ከመስኮቱ ተነስ» አሉኝ።

ተነሳሁ። በሩ አጠገብ፣ ከሽንት ባልዲው ጎን ተቀመጥኩ። የዚያን ቀን ያጎረሰኝ ሰው የለም። የሚገርመው ግን ከታሰርኩ ወዲህ እንደዚያ ሌሊት እንቅልፍ ወስዶኝ አያውቅም።

ጠዋት መርማሪው እስክሪብቶውን ከፍቶ ሰጠኝ።

«ነግሬያቸዋለሁ» አልኩት።

«ምኑን?»

«እኔ እንደሰረዝኳቸው። ስለዚህ አልፈርምም።»

መጀመሪያ አላመነኝም። አንድ ፖሊስ ልኮ አስጠየቀ፤ የተመለሰለትን መልስ አልሰማሁም፤ ፊቱ ግን ሲጠቁር አየሁ። ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋሁለት። እስክሪብቶውንም ክዳኑን ገጥሜ ከላዩ አስቀመጥኩ። ቀለም እንዳይደርቅ ክደኑ እያልኩ ተማሪዎቼን ሁልጊዜ እጨቀጭቃለሁ፤ ልማድ ነው።

ስመለስ ሽማግሌው ከመስኮቱ ሥር አዩኝ።

«ፈረምክ?»

«አልፈረምኩም።»

እግራቸውን ሰበሰቡ። የተለቀቀችው ቦታ ለአንድ ልጅ እንኳ የምትበቃ አልነበረችም፤ እኔ ግን ተቀመጥኩባት። ውሃው የመጣው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። የጎሜው መድኃኒት በቶሎ አለመሥራቱን አባቴ ቢሰማ ደስ ይለው ነበር።

ከዚያ በኋላ ከወር በላይ ቆይተን ያለ ክስ ተፈታን። ሽማግሌው አሁን እየሸመኑ ሲቀላ ገበያ ይሸጣሉ። አንድ ጋቢ ገዝቻቸዋለሁ፤ ስንከራከር ውለን አንድ ብር አልቀነሱልኝም። ይቅር ብዬሃለሁ ብለውኝ አያውቁም። እኔም አልጠየቅኋቸውም። ፍርሃቱም ዛሬም አብሮኝ አለ፤ ቀበሌ በር ላይ ስደርስ መንገድ ተሻግሬ አልፋለሁ። የምጠላው እሱን ሳይሆን ያን ቀጥ ያለ ቀይ መስመሬን ነው።

በቅርቡ የእርዳታ ምዝገባ እንደገና ተጀመረ። ሽማግሌው ቅጹን ይዘው ትምህርት ቤት በር ድረስ መጡ። ልጃቸው አብራቸው ነበረች፤ ጽሕፈቷ ከእኔ ይሻላል።

«አንተ ጻፈው» አሉኝ።

ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስማቸውን ከነአባታቸው ከነአያታቸው ጻፍኩ። እስክጨርስ ድረስ ከአናቴ በላይ ቆመው ያያሉ።

«አንብበው። ጮክ በል።»

አነበብኩ። የሚያልፉ ተማሪዎች ዞረው አዩን። ቅጹን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «ነገ ቀበሌ ሳስገባው አጠገቤ ትቆማለህ» አሉ።

በማግስቱ ተማሪዎቼን የምፈትንበት ቀን ነበር። ፈቃድ ጠይቄ ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ።