እህቴን ያስፈራት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል

ትርጉም ፊልሙን የመረጠው አባዬ ነው። ሶዶ መናኸሪያ አካባቢ ካለ ፊልም ቤት በፍላሽ አስጭኖ አመጣና ሁላችንም ሶፋው ላይ ተደርድረን አየን። ፈረንጆች የፈርዖን መቃብር ከፍተው የግድግዳውን ጽሑፍ ጮክ ብለው ሲያነቡ፣ በጨርቅ የተጠቀለለው ሬሳ ብድግ አለ። ተርጓሚው "ጋሼ ነቁ! ቁርስ አቅርቡላቸው!" ሲል እኔና አባዬ በሳቅ ፈረስን። ትንሿ እህቴ ግን አልሳቀችም።

እሁድ ልትቆርብ ነጠላዋን ለብሳ ሄድን። የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጫማዋን እያወለቀች ቀና ብላ ወደ ውስጥ አየችና እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ። "እሱ እዚህም አለ!"

ያየችው ጌታችን ከመቃብር የጠራውን ሰው ሥዕል ነው፤ ከራሱ እስከ እግሩ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ቆሟል። ዕድሜዬን ሙሉ በሥሩ ሳልፍ ኖሬ፣ ቁርጥ የፊልሙን ሬሳ መምሰሉን ያኔ ገና አየሁ! አልገባም ብላ ሳትቆርብ ተመለስን።

ከበዴሳ የመጣችው አክስቴ ሰምታ ደነገጠች። "ቤተ ክርስቲያን የሚያስፈራት ያደረባት ነገር ቢኖር ነው። ጠበል ቦታ ውሰዷት።"

"ኧረ ፊልሙ ነው!" አልኩ።

"ሁላችንም አይተነው የለ? እኛን ምን አደረገን?" አለች እማዬ። "በሚመጣው እሁድ ካልገባች ሰኞ ጠበል ነው።"

እህቴ ጠበል ቦታ ሰው ሲጮህና ሲንፈራገጥ አይታለች። ማልቀስ ጀመረች። አሳዘነችኝ፤ ላስረዳት ተቀመጥኩ።

"የፊልሙ ክፉ ነው፤ የኛው ጥሩ ነው።"

"ሁለቱም ሞተው ነበር አይደል?"

"የኛን ጌታ ነው የጠራው።"

"ያንንስ?"

"ያንን... ሰዎች ጮክ ብለው አንብበው።"

"አንቺም እኮ ጮክ ብለሽ ነው የምታነቢው!"

እውነቷን ነው። ዘንድሮ መጻፍ እንደምችል ካወቅሁ ወዲህ የጻፍኩትን ሁሉ ለቤተሰቡ ሳላነብ አላድርም። እውነት ለመናገር እኔም ግራ ገብቶኛል። ሰንበት ትምህርት ቤት ግብፅ እመቤታችን ልጇን ይዛ የተሸሸገችበት አገር ነው፤ ፊልም ላይ የእርግማን አገር፤ ዜና ላይ ደግሞ ሌላ። ሙት ሲነሳ በፋሲካ እልል እንላለን፣ ፊልም ላይ ትራስ ውስጥ እንደበቃለን። የቱ ነው ትክክሉ?

"የኛውን በኋላ ፈቱለት፤ ከእህቶቹ ጋር ቤቱ ገባ" አልኳት።

"እህቶች አሉት?" ለቅሶዋን አቆመች። "ለሱ አልቅሰው ነበር?"

"በጣም እንጂ።"

እሁድ ክንዴን በጥፍሯ እየቧጠጠች ገባች። ቆረበችና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ውኃ እስክትጠጣ ድረስ መናገር አትችልም፤ ዓይኗ ግን ከሥዕሉ አልተነቀለም። ውኃውን እንደጠጣች ጆሮዬ ላይ ተለጠፈች።

"ያቺ ሴትዮ ለምን አፍንጫዋን ያዘች?"

አየሁ። ከሥር፣ ጥግ ላይ፣ አፍንጫዋን በመጎናጸፊያ የያዘች ሴት አለች። "ይሸታል ብላ ይሆናላ።"

"ወንድሟ አይደል እንዴ!" ተናደደችባት።

ውጭ አክስቴ እልልታዋን አቀለጠችው። "ይኸው፣ ለቀቃት!" አባዬ በጆሮዬ "ምንም አልያዛትም ነበር" አለኝ። እኔ ማናቸውን እንደምሰማ ሳላውቅ፣ እህቴ ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ ተቀምጣ "ያ የፊልሙ ሰውዬስ፣ እህት የለውም?" አለች።

ሁሉም እኔን አዩኝ። እኔ ምን አውቄ!