ያስተካከልኩት ጉንጭ

ሰው ሳያያችሁ ሥራውን አስተካክላችሁለት ታውቃላችሁ? ደስ እንዲለው ብላችሁ፣ ምንም ሳትነግሩት?

ባለፈው ሳምንት እዚህ ካሊፎርኒያ፣ ፌርፋክስ ጎዳና አጠገብ ሠራተኞች አንድ ረጅም ዘንባባ ሲቆርጡ ቆሜ አየሁ። ግንዱ ተቆራርጦ አስፋልቱ ዳር ተደርድሯል። የእርጥብ ዘንባባ ሽታ ውኃ የጠገበ ገመድ ይመስላል። ሽታው ሲደርሰኝ በእጄ የያዝኩትን ሳምቡሳ ወደ ከረጢቱ መለስኩት፤ ከብዙ ዓመት በፊት የሠራሁት ነገር ትዝ አለኝ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። መምህርት ለመሆን እየተማርኩ ፓልምስ በሚባል ሰፈር ከአጎቴ ከጋሼ ይርጋና ከባለቤቱ ከእትዬ አልጋነሽ ጋር እኖር ነበር። ጋሼ ለብዙ ዓመት ታክሲ ነድቷል። በዚያ ዓመት፣ ዝናብ በበዛበት የጥር ወር፣ ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁ ደከመ፤ መንጃ ፈቃዱም ታገደ። ሐኪሙ ቢያንስ ስድስት ወር ጠብቆ የመንዳት ፈተና እንዲወስድ፣ እስከዚያው እጁን እንዲያሠራው ነገረው። የተሰጠውን የላስቲክ ኳስ መጭመቅ ግን ጠላ። «ሕፃን አይደለሁም» እያለ ሶፋ ሥር ይወረውረዋል።

ቲኪ የሚባለው ነገር ቤታችን የመጣው እንዲህ ነው። ከታች ይኖር የነበረ ቲኪ የሚቀርጽ አሜሪካዊ ጡረተኛ ቤት ሲለቅ መሮዎቹንና አንድ ያልተነካ የዘንባባ ግንድ ለጋሼ ትቶለት ሄደ። ለማያውቅ ላስረዳ፦ ቲኪ ከፓስፊክ ደሴቶች ሰዎች የእንጨት ምስሎች የተቀዳ፣ አፈ ሰፊ፣ ጥርሱ የገጠጠ፣ ከአንድ ግንድ የሚወጣ ቅርጽ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ለትርፍ ጊዜያቸው እየቀረጹ ግቢያቸው የሚያቆሙት ሰዎች አሉ።

ጋሼ በኳሱ ፈንታ ይህን ሊቀርጽ መሆኑ ሲገባት እትዬ አልጋነሽ አማተበች፤ ጣዖት ደጃፌ አይቆምም አለች። ሁለት ቀን ተኮራርፈው ቆዩ። በሦስተኛው ቀን ራሷ መፍትሔ አመጣች።

«እሺ፣ ዓይኑን ጨፍንለት። የማያይ ከሆነ እንጨት ነው።»

«የተኛ ሹፌር አደረግሽው እኮ» አላት። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከሕንፃችን ጀርባ ባለው ፓርኪንግ ውስጥ ሥራ ተጀመረ። ዘንባባ እንደ ሌላው እንጨት አይደለም፤ ውጪው ጠንካራ ነው፣ ውስጡ ግን ክር ነው። መጀመሪያ መሮውን ቀጥ አድርጎ መስመሩን መብሳት፣ ቀጥሎ በሰያፍ ወደ መስመሩ መፈልቀቅ ያስፈልጋል። መሮው ከተንሸራተተ ክሩን ይዞ ይሄዳል። ጋሼ በደህናው ግራ እጁ መዶሻውን ይመታል፤ መሮውን የሚይዘው የታመመው ቀኙ ነው። ዓላማውም ይኸው ነበር። እኔ ደግሞ ፕሮግራም አወጣሁለት። ሰኞ ጉንጭ፣ ረቡዕ አፍንጫ፣ ዓርብ ቅንድብ ብዬ በባለቀለም እስክሪብቶ ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት። «እሜቴ መምህርት፣ ፈተናም አለው?» ይለኛል።

ማክሰኞና ሐሙስ እትዬ አልጋነሽ ለእጁ ሕክምና ትወስደዋለች። አንድ ማክሰኞ ብቻዬን ስወርድ የቲኪው ግራ ጉንጭ ላይ ሦስት የተቦጨቁ ቦታዎች አየሁ። በዋዜማው ጋሼ መሮውን አስቀምጦ ቀኝ እጁን እንዴት እንዳየው ትዝ አለኝ። መሮውን አነሳሁና ዙሪያውን ዝቅ አደረግኩት፤ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። በማግስቱ ጋሼ በግራ አውራ ጣቱ ጉንጩን ዳሰሰ። ደግሞ ዳሰሰ።

«እዚህ ጋ የሳትኩ መስሎኝ ነበር።»

«አልሳትክም» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ በየማክሰኞውና በየሐሙሱ እወርድ ጀመር። ቅንድቡን፣ ከንፈሩን፣ የጥርሶቹን ዳር አስተካከልኩ። ጋሼ ቀና ብሎ መሄድ ጀመረ። ምሳውን በቀኙ ለመጉረስ ይሞክራል፤ ሽሮው ሸሚዙ ላይ ሲፈስ «ነገ ይሆናል» ይላል።

በግንቦት፣ የጃካራንዳ ዛፉ አበባ ፓርኪንጉን ሐምራዊ ሲያለብሰው፣ ቲኪው አለቀ። ላዩን በእሳት ለብለብ አድርገን፣ ጥቁሩን በሽቦ ብሩሽ ጠርገን፣ ዘይት ቀባነው። የታክሲ ጓደኞቹ መጥተው ዙሪያውን ዞሩት። አንደኛው «ይሄን የቀረጸ እጅ መሪ ያቅተዋል? ኧረ አንተ ቫኬሽን ነው የወጣኸው» አለው። ጋሼ ቲኪውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። በማግስቱ፣ ስድስት ወሩ ሳይሞላ፣ ለመንዳት ፈተናው ቀጠሮ ያዘ።

እትዬ አልጋነሽ ኩሽና ጠራችኝና በሩን ዘጋችው።

«አብረሽው የምትውይው አንቺ ነሽ። እጁ ይችላል? ገና ነው ካልሽኝ አስቀረዋለሁ።»

እውነቱን ለመናገር በየማክሰኞው የማደርገውንም መናገር ነበረብኝ። «ይችላል» አልኳት።

የፈተናው ዕለት እኔና እትዬ አልጋነሽ የመንጃ ፈቃድ ቢሮው ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። መኪናው ሲመለስ የሚነዳው ፈታኙ ነበር። ጋሼ ከጎኑ ተቀምጧል፤ ከቆሙም በኋላ ቀበቶውን አልፈታም። ወደ ግራ ሲታጠፍ ቀኝ እጁ መሪውን ለቆት መኪናው የእግረኛው መንገድ ላይ ወጥቶ ነበር። ሰው አልነበረበትም። መንጃ ፈቃዱ ተሰረዘ። በፒኮ ጎዳና በኩል ወደ ቤት ተመለስን።

ቤት ስንደርስ በቀጥታ ወደ ቲኪው ሄደ። ጉንጩን፣ ከንፈሩን፣ የተጨፈነውን ዓይን በግራ እጁ ቀስ እያለ ዳሰሰ። ከዚያ፣ ሳይቆጣ፣ ወደ እኔ ዞረ።

«የኔ የቱ ነው?»

ተንበርክኬ ፈለግኩ። ብዙ ፈለግኩ። ከአገጩ ሥር፣ ብርጭቆ ወረቀቱ ያልደረሰበት ቦታ ላይ፣ የተንሸራተተ መሮ የተወው አንድ ጠማማ ጭረት ነበር። ጣቴን አስቀመጥኩበት። እሱም ጣቱን ከጣቴ አጠገብ አደረገ።

«በቃ፣ ሕክምናውም ይቅር» ብሎ ገባ።

ቀረም። እትዬ አልጋነሽ ብትለምነው፣ ካህን ብታስመጣ፣ አሻፈረኝ አለ። እጁ በዚያው ደረቀ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እስኪሞት ድረስ ካልሲውን የምታጠልቅለት እሷ ነበረች። ለምን ይችላል እንዳልኳት አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችኝም።

አሁን መምህርት ነኝ፤ እንጀራዬ ማስረዳት ነው። ይህን ግን ለራሴም አስረድቼ አልጨረስኩም። ለጋሼ ያዘንኩለት መስሎኝ ነበር፤ የሳተ ሰው ፊት ማየት የከበደው ግን እኔን ነው። የእጁ ስህተት ከሳምንት ሳምንት እያነሰ ሄዶ ይሆን? ምናልባት እያነሰ ነበር። ማስረጃውን በብርጭቆ ወረቀት ስላጠፋሁት ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቤታችሁ ውስጥ እጁ የደከመ ሰው ካለ፣ ዛሬ አጠገቡ ተቀመጡና አንድ ነገር ሲሠራ እዩት። ሲስት የእናንተ እጅ ሊያስተካክልለት ይነሳል። ጭናችሁ ሥር አድርጉትና ቆዩ። ሲጠይቃችሁም የሳተበትን ቦታ አሳዩት። ከባድ ነው፤ ግን ሞክሩት።