የተበላው ካርቦን

ያን ቀን ጠዋት ከዲላ ወደ ወናጎ በሚኒባስ ስሄድ የትምህርት ዕቅዴን ደጋግሜ አነብ ነበር። የመምህርነት ልምምዴ ማብቂያ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ መምህሬ ክፍል ገብተው ይገመግሙኛል። ከወደቅኩ ምረቃ የለም፣ እናቴ ደግሞ ለምረቃዬ ቀሚስ አሰፍታ ጨርሳለች።

ትምህርቱ ኬሚስትሪ ነው፤ ርዕሱ አይሶመር፣ አተማቸው እኩል ሆኖ አቀማመጣቸው የሚለያይ ውህዶች። ሞዴል ስለሌለን ተማሪዎቼን፣ "ያልበሰለ አረንጓዴ ቡና ይዛችሁ ኑ። አንዱ ፍሬ አንድ ካርቦን ነው፣ በስንጥር እናያይዘዋለን። ሃይድሮጅኑን በሐሳብ!" ብያቸው ነበር። ሁሉም ግን ደም የመሰለ ቀይ እሸት ይዘው መጡ።

"አረንጓዴ አላልኩም?"

"ቲቸር፣ አረንጓዴ ብለቅም አባቴ ይገድለኛል" አለች ከፊት የተቀመጠች ልጅ።

እውነቷን ነው፤ እዚህ ያልደረሰ ቡና መቅጠፍ ነውር ነው። እኔ የዲላ ሱቅ ውስጥ ያደግኩ፣ ይህን የት አውቄ! ይሁን ብዬ ሁለት-ሜቲል ፔንቴን አሠራኋቸው፤ አንዱንም እኔ ለማሳያ ሠርቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። አምስት ፍሬ በመስመር፣ እሱ ፔንቴን ነው፤ ስድስተኛው ሁለተኛው ላይ እንደ ቅርንጫፍ የተሰካ፣ እሱ ሜቲል። ገምጋሚዬ ከኋላ ተቀምጠው መነጽራቸውን ይጠርጋሉ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ሰሌዳ ላይ ጽፌ ስዞር የፊተኛዋ ልጅና ጎረቤቷ ከንፈራቸው ረጥቧል፣ በየእጃቸው የቀረው አምስት አምስት ካርቦን ነው።

"ስድስተኛውስ?"

"በላነው፣ ቲቸር። ይጣፍጣል።"

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። አለቀልኝ ብዬ ሞዴሎቹን ሳያቸው ግን ልቤ ዘለለች። አንዷ የበላችው ቅርንጫፉን ነው፣ ሌላዋ ከቅርንጫፉ የራቀውን የመስመሩን ጫፍ!

"ያንቺ አሁን ማን ይባላል?"

"ፔንቴን!"

"ያንቺስ?" አልኩ ወደ ሌላዋ ዞሬ።

በመስመር የቀሩትን አራት ፍሬ በጣቷ ቆጠረች። "ሁለት-ሜቲል ቡቴን!"

"ካርቦናቸው?"

"እኩል!" አለ ክፍሉ።

"ቅርጻቸው?"

"ለየቅል!"

"ታዲያ ምንና ምን ናቸው?"

"አይሶመር!"

ጣሪያው ሊነሳ ምንም አልቀረውም። እኔም ገምጋሚ መኖሩን ረስቼ እንደ ልጅ አጨበጨብኩ። ደስ ሲል!

ወዲያው ከኋላ ወንበር ተንቋቋ። ገምጋሚዬ ቀስ ብለው መጡና የራሴን ሞዴል ከጠረጴዛው አነሱ። አገላብጠው አዩትና ቅርንጫፉን የያዘውን ሁለተኛውን ፍሬ ነቅለው ወደ አፋቸው ጣሉት። ሞዴሉ ሦስት ቦታ ተበታተነ፤ ሁለት ብቸኛ ፍሬና አንድ ባለ ሦስት ፍሬ መስመር።

"ይኼስ?" አሉ ወደ ተማሪዎቹ ዞረው።

"ሁለት ሜቴን፣ አንድ ፕሮፔን!"

ወደ እኔ ዞሩ። አፋቸው እንደሞላ፣ "አልፈሻል" አሉኝ።