ከሩቁ ቦታ የመጣው ጭቃ

በዘጠናዎቹ አጋማሽ ኦክላንድ ውስጥ አንድ ላብራቶሪ ተቀጥሬ፣ ከባሕር ወለል የሚወጣ ጭቃ ውስጥ ምን ያህል የነዳጅ ቅሪት እንዳለ እለካ ነበር። ጭቃው በጠርሙስ፣ በረዶ ሆኖ ይመጣል። አደርቀዋለሁ፣ በኬሚካል አጥበዋለሁ፤ እጣቢውን ለማሽኑ እሰጣለሁ። ማሽኑ ወረቀት ላይ መስመር ይስላል፤ ነዳጅ ካለ መስመሩ ያብጣል።

አንድ ጊዜ፣ ባሕሩ ላይ ከቆመው የነዳጅ ማውጫ መድረክ በጣም ስለሚርቅ ንጹሕ ነው ተብሎ ለማወዳደሪያ የተመረጠው ቦታ ጭቃ ቆሽሾ ተገኘ። ደገምኩት፤ ያው ነው።

«እዚህ እኛ ጋ እንዳይሆን የተበከለው» አለች አለቃዬ።

ላብራቶሪያችን ንጹሕ መሆኑን ለማረጋገጥ ጭቃ ሳይገባበት አብሮ የታጠበው ባዶ ጠርሙስ ግን ንጹሕ ነበር። አሳየኋት።

«እንግዲያው ጭቃው የሚወጣበት መርከብ ላይ ነው። ሄደሽ እዪ» አለችኝ።

ባሕር ላይ ወጥቼ አላውቅም። ገና ከወደቡ ሳንርቅ አስመለሰኝ። እርጥብ ፎጣ ያቀበሉኝ ሽማግሌ መርከበኛ፣ «አይዞሽ፣ ሩቅ ሩቁን እያየሽ ተቀመጪ» አሉኝ በአማርኛ። አሰብ ያደጉ፣ ከኦክላንድ ብዙም በማይርቀው ሳን ፓብሎ የሚኖሩ ኤርትራዊ ናቸው። ጭቃ የሚዘግነውን የብረት መንጋጋ የሚያወርደው የሽቦ ገመድ በእሳቸው ኃላፊነት ነበር።

መንጋጋው ወጥቶ ሲከፈት፣ ከገመዱ ቡናማ ጠብታ ጭቃው ላይ አረፈ።

«ምንድን ነው ይሄ፣ ጋሼ?»

«ግራሶ ነዋ። በየጊዜው እቀባዋለሁ። አለዚያ ጨው ይበላውና ተበጥሶ ሰው ይገድላል። ሲገድል አይቻለሁ።»

ግራሶም ከነዳጅ እንደሚሠራ ነገርኳቸው። ቀና ብለው ገመዱን አዩ።

«እስካሁን የእኔን ግራሶ ነው ስትለኩ የከረማችሁት በይኛ!»

ከግራሶው ጥቂት ወስጄ ማሽኑ ውስጥ አስገባሁት። እብጠቱ ከሩቁ ጭቃ ጋር አንድ ሆነ። የተጻፈው ሪፖርት ተሰረዘ፤ ግራሶም ተከለከለ። ሽማግሌው ግን፣ «በደረቅ ገመድ ሥር ሰው አላቆምም» ብለው እምቢ አሉ። የመርከቡ ባለቤት ተቆጣ፤ አለቃዬም ሥራው በመዘግየቱ ተናደደች። እኔን ስትጠይቀኝ፣ «ልክ ናቸው» አልኩ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ የማይዝግ ገመድ ተገዛ።

ጭቃው እንደገና ሲወጣ የሩቁ ቦታ ንጹሕ ሆነ። ለሽማግሌው ስልክ ደውዬ ነገርኳቸው።

«የመድረኩ ሥር ጭቃስ?»

«እሱ እንደቆሸሸ ነው።»

«ይሁና፤ ነዳጅ አውጪዎቹ እሱን እንኳ በእኔ አያሳብቡም» ብለው ሳቁ።